በተዘጋው በር ፊት፦ ቁጣና መቀበል በአራዳ፣ 2012 ዓ.ም.

የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአዲስ አበባ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ ጁሙዓ ነበር። በፒያሳ፣ ሕዝቡ ቤኒን እያለ በሚጠራው የኑር መስጊድም ሆነ በአካባቢው ባሉት አነስተኛ መስጊዶች የዚያን ዕለት ሶላት እንደ ወትሮው ተሰግዷል። ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆሙ፤ ሲወጡም ተጨባበጡ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ብዙም ሳይቆይ የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት የመስጊድ የጀማዓ ሶላት እንዲቋረጥ ወሰነ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የ1441 ዓ.ሂ. ረመዷን ሚያዝያ 16 ቀን ሲገባ ተራዊሕ የሚሰገድበት መስጊድ አልነበረም። ግንቦት 16 ቀን የዋለው ዒደል ፊጥርም በስታዲየም ሳይሆን በየቤቱ ተሰገደ።

ይህ ሁሉ በእኛ ዕድሜ የሆነ ነው፤ ስለዚህ ታሪክ ብለን መጻፋችን ለአንዳንድ አንባቢ የቸኮለ ሊመስለው ይችላል። ለመጻፍ ያነሣሣን ግን ከዚያ ወዲህ በመድረኮቻችን ስለዚያ ዘመን ሲነገር የምንሰማው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሙስሊሙ ኅብረተሰብ ውሳኔውን በሶብር ተቀበለ ይባላል። ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በፊቱ የነበረውን ቁጣ ያስቀረዋል። ቁጣውን የሚያነሡት ጥቂቶችም ቢሆኑ የኢማን ማነስ ምልክት አድርገው ነው። በእኛ አመለካከት ሁለቱም አነጋገሮች አንድ ስሕተት ይጋራሉ፤ የአላህን ውሳኔ መውደድንና የሰውን ትእዛዝ መቀበልን አንድ ነገር ያደርጓቸዋል።

ስለ ቦታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አራዳ ከጥንቱም የገበያ ሰፈር ነው። ጣልያን የአገሬውን ገበያ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ እስኪያዛውር ድረስ የከተማይቱ ዋና ገበያ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፤ የየመንና የሕንድ ሙስሊም ነጋዴዎችም ሱቃቸውን የከፈቱት በዚሁ አካባቢ ነው። የመሐመድ አሊን የንግድ ቤት የማያውቅ የድሮ አራዳ ሰው አልነበረም። ገበያው ከሄደ በኋላም ሰፈሩ የዕለት ገቢ ሰፈር ሆኖ ቀጠለ፦ ወርቅ ቤቶቹ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አትክልት ተራ። እዚህ ሰው ቤቱ ይቀመጥ ማለት ዛሬ አይብላ ማለት እንደሆነ ለማንም የተሰወረ አልነበረም። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ቢሆኑ አገሪቱ እንደ ባለጸጎቹ አገሮች ሙሉ በሙሉ በር መዝጋት እንደማትችል፣ ብዙ ዜጎች ቤት እንኳ እንደሌላቸው በይፋ ተናግረዋል። ስለሆነም አዋጁ ከተማውን አልዘጋም፤ የዘጋው መርጦ ነው። ቁጣው የተወለደው ከዚህ መምረጥ ነው።

ይህን ለመረዳት ከመቶ ዓመት በፊት በዚሁ ሰፈር ከሆነው ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገባ፤ ሕዝቡም የኅዳር በሽታ አለው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በከተማይቱ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንዳለቀ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነበር። ሐኪም ጥቂት፣ መቃብር ቆፋሪም የታጣበት ጊዜ ነው። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል፣ ኅዳር ሲታጠን የምንለው፣ የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። ያን ጊዜ የአራዳ ገበያ ባዶ የቀረው ሰው በመታመሙ፣ በመሞቱና ወደ ገጠር በመሸሹ ነው፤ ቤታችሁ ተቀመጡ የሚል ትእዛዝ ሕዝቡን አልያዘውም። ከዘመኑ ሰዎች ትረካ የሚሰማን ፍርሃትና ሐዘን ነው። በትእዛዝ ላይ የተነሣ ቁጣ አይሰማንም፤ የሚቆጡበት ትእዛዝ አልነበረምና። በ2012 ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። ትእዛዙ ቀድሞ መጣ፤ ሞቱ ገና በሩቅ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አራዳ ውስጥ በበሽታው የሞተ ጎረቤት የሚያውቅ ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ሰው ያላየውን ሞት ሽሽ ሲባል የሚያየው ከልካዩን ነው።

ከልካዩም በየቀኑ ይታይ ነበር። አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ታክሲና አውቶቡስ በግማሽ እንዲጭኑ ታዘዙ፤ ታሪፉም ወጣ። የአዋጁ ማስፈጸሚያ ደንብ ስብሰባን በአራት ሰው ልክ ገደበ፣ መጨባበጥን ከለከለ፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን ግዴታ አደረገ። በግንቦት ወር ጭንብል ባለማድረግ ብቻ በአዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ሰዎች በፖሊስ ተያዙ። ሚዛናዊ ለመሆን፣ ይኸው ሕግ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር፣ አሠሪም ሠራተኛውን እንዳያሰናብት ከልክሏል፤ ማዕድ ማጋራት የተባለው ዘመቻም ለብዙ ደጃፍ ደርሷል። በረመዷን ለኢፍጧር የሚሆን ዱቄትና ዘይት ከክርስቲያን ጎረቤት እጅ የተቀበሉ ቤተሰቦችን እናውቃለን። የአራዳ ጊዮርጊስ ምእመናንም ቢሆኑ በዚያው ሰሞን ከአጥር ውጪ ቆመው ይጸልዩ ነበር፤ ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን ፋሲካ ብዙዎቹ ያሳለፉት በየቤታቸው ነው። ሐዘኑ የአንድ ወገን አልነበረም።

ያን ጊዜ እኛ በፒያሳ ካሉት አነስተኛ መስጊዶች በአንዱ እናስተምር ነበር። በሩ በተዘጋበት የመጀመሪያ ጁሙዓ ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች ጋር የመጣውን እየመለስን በር ላይ ቆምን። ከሁሉ በፊት የደረሰው በአትክልት ተራ በጫኝና አውራጅነት የሚሠራ ወጣት ነው፤ ልብሱ ላይ የቲማቲም ጭማቂ ሳይደርቅ። ንግግራችንን እስክንጨርስ ታገሠና እንዲህ አለ፦ «ኡስታዝ፣ አሁን የመጣሁት መቶ ሰው ከሚጋፋበት ነው። እዚያ ማንም አልመለሰኝም። እዚህ ለምን እመለሳለሁ?» ቁጣው በድምፁ ሳይሆን በጣቶቹ ይታይ ነበር፤ የበሩን ብረት ይዞ አልለቀቀም። እኛም የሰጠነው መልስ፣ ዛሬ ስናስበው የምናፍርበት፣ «ልጄ፣ የአላህ ቀደር ነው፤ ሶብር አድርግ» የሚል ነበር። ወጣቱ እጁን ከብረቱ ላይ አነሣ። «የአላህን ቀደር አልጠላሁም፤ የጠየቅሁት ስለ በሩ ነው» ብሎ ሄደ።

ልጁ ትክክል ነበር። ዑለሞቻችን ሶብርንና ሪዷን ሲለዩ፣ ሶብር በመከራ ጊዜ ነፍስን ከማማረርና አካልን ከማይገባ ሥራ መግታት ነው፤ ሪዷ ደግሞ ልብ በአላህ ውሳኔ መርካቱ ነው ይላሉ። የመጀመሪያው ግዴታ ነው፤ ሁለተኛው በብዙዎች ዘንድ የተወደደ ከፍተኛ ደረጃ ነው። ሁለቱም የሚመለከቱት በሽታውን፣ ሞቱን፣ ማጣቱን ነው። ኮሚቴ ወይም ባለሥልጣን የወሰነው ውሳኔ ትክክል ነውን፣ ለሁሉ እኩል ነውን ብሎ መጠየቅ ግን የሹራ ጉዳይ ነው። እኛ የሹራውን ጥያቄ በሪዷ መልስ ዘጋነው። ከሚንበር ውጪ ያለ ኹጥባ ማለት ይህ ነው።

የሚገርመው፣ በዚያ ወቅት ሁላችንም ለማስረጃነት የጠቀስነው ታሪክ ራሱ ይህን ልዩነት ፍንትው አድርጎ የሚያሳይ መሆኑ ነው። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ሻምን የመታው የዐምዋስ ወረርሽኝ ነው የምንለው። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲያቀኑ ሰርግ ከተባለው ስፍራ ሲደርሱ የጦሩ አለቆች ወረርሽኙን ነገሯቸው። ዑመር በዚያው አልወሰኑም። ቀደምት ሙሃጂሮችን አስጠሩ፤ እነርሱ ተለያዩ። አንሷሮችን አስጠሩ፤ እነርሱም እንዲሁ ተለያዩ። በመጨረሻ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ጠየቁ፤ እነርሱ በአንድ ቃል እንመለስ አሉ። ውሳኔው ሲታወጅ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.)፣ የሻሙ አዛዥና ጀነት ከተበሰሩት ዐሥሩ አንዱ፣ ከአላህ ውሳኔ ሽሽት ነውን ሲሉ በግልጽ ተቃወሙ። ዑመርም ይህን ያለው ሌላ ሰው በሆነ ብለው ተመኙ እንጂ አላፈኗቸውም። ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ መሸሽ ነው ብለው፣ አንዱ ለምለም ሌላው ደረቅ የሆነ ሁለት ዳርቻ ባለው ሸለቆ ምሳሌ መለሱላቸው። ወረርሽኝ ወዳለበት አገር ስለ አለመግባት፣ ካለበትም እየሸሹ ስለ አለመውጣት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተላለፈውን ሐዲስ ዐብዱረሕማን ቢን ዐውፍ (ረ.ዐ.) ያመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በመድረሳ ስናስተምር ሐዲሱን እናስቀድማለን፤ በታሪኩ ቅደም ተከተል ግን ሹራው ቀዳሚ ነው፣ ሐዲሱ ውሳኔውን ያጸና ሆኖ ነው የመጣው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። አቡ ዑበይዳም፣ ከእርሳቸው በኋላ የተተኩት ሙዓዝ ቢን ጀበልም (ረ.ዐ.) በዚያው ወረርሽኝ አረፉ። ቀጥሎ ኃላፊነቱን የያዙት ዐምር ቢን አልዓስ (ረ.ዐ.) ሰዎች ወደ ተራሮችና ሸለቆዎች እንዲበተኑ ባዘዙ ጊዜ፣ በሙስነድ አሕመድ በተላለፈው አንድ ዘገባ መሠረት፣ ሹረሕቢል ቢን ሐሰና (ረ.ዐ.) ተቆጡ። ልብሳቸውን እየጎተቱ፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው መጥተው ዐምርን በሕዝብ ፊት ተቃወሙ። ወረርሽኙ የጌታችሁ እዝነት ነው የሚል ነበር ክርክራቸው። በሌላ ዘገባ የተቃወማቸው ሌላ ሶሓባ ነው፤ ሕዝቡም ተበተነ፣ በሽታውም ተነሣ፣ ዑመርም ይህን ሲሰሙ አልጠሉትም ይላል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ፣ የሐዲስ ሰዎቻችን የተቆጣውን ሶሓባ ከነቁጣው፣ ከነጫማው መዝግበውት መኖራቸው ነው። ቁጣውን ለማስዋብ ብለው አላጠፉትም። ስለ እርሱ ሲሉም ከክብሩ አላወረዱትም።

በዚያ ሰሞን በስልክ ይሠራጩ ከነበሩት ማስረጃዎች ስለ አንዱ ደግሞ ማሳሰቢያ ልንሰጥ ይገባል። ሐፊዝ ኢብን ሐጀር አልዐስቀላኒ በዝሉል ማዑን በተባለው ኪታባቸው፣ በ833 ዓ.ሂ. በካይሮ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ የሚሞተው ሰው በቀን ከ40 በታች እንደነበር፣ ሕዝቡ ሦስት ቀን ጾሞ ወደ በረሃ ወጥቶ በአንድነት ዱዓ ካደረገ በኋላ ግን ወሩ ሳያልቅ በቀን ከ1,000 በላይ እንደደረሰ ጽፈዋል። ይህ መስጊድ ለመዝጋት እንደ ማስረጃ ብዙ ተጠቅሷል፤ እኛም ጠቅሰነዋል። ነገር ግን ኢብን ሐጀር በሽታ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል የሚሉ ሰው አልነበሩም፤ በዚያው ኪታብ ይህን አጥብቀው ይሞግታሉ። መውጣቱን የነቀፉት ቀደምቶች ያልሠሩት አዲስ ነገር ነው በማለት ነው። ሦስት ሴት ልጆቻቸውን በወረርሽኝ የቀበሩ አባት የጻፉትን ኪታብ ስንጠቅስ ያላሉትን እንዳናስብላቸው መጠንቀቅ ነበረብን። ፈትዋውን ለመደገፍ የነበረን ጉጉት ከጥንቃቄያችን በለጠ። ውሳኔው ራሱ እኮ በቂ መሠረት ነበረው፤ በብርቱ ዝናብ ሌሊት እንኳ ሰዎች ባሉበት እንዲሰግዱ በአዛን መታወጁ በትክክለኛ ሐዲስ የተረጋገጠ ነው። የአልአዝሀር የታላላቅ ዑለሞች ጉባኤም ጁሙዓንና ጀማዓን ማቋረጥ እንደሚፈቀድ በዚያው መጋቢት አስታውቆ ነበር።

ታዲያ መቀበሉ ከየት መጣ? ከማስረጃው ብርታት ብቻ እንዳልመጣ እርግጠኞች ነን። በመጀመሪያ ደረጃ ተናጋሪው ማን ነበር የሚለውን መመልከት ያሻል። ከስምንት ዓመት በፊት፣ በ2004 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ሙስሊም ጁሙዓ በመጣ ቁጥር በአወሊያና በታላቁ አንዋር መስጊድ ድምፃችን ይሰማ እያለ ይጮህ የነበረው በዚሁ ጠቅላይ ምክር ቤት ላይ እምነት አጥቶ ነው። የመረጥነው አይደለም የሚል ነበር ክሱ። በዚያ ዓመት መስጊድ ዝጉ የሚል ቃል ከምክር ቤቱ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ በሽታ ይኑር አይኑር፣ ማን ያምን ነበር? በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ተቀናቃኝ ወገኖች ተስማምተው፣ ሙፍቲ ሐጂ ዑመር እድሪስ የሚመሩት የዑለማ ስብስብ ኃላፊነቱን ተቀበለ። ውሳኔው የመጣው ከዚህ ስምምነት አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው። ሕዝቡ ትእዛዙን ባይወደውም የተናገሩትን ሽማግሌዎች ያውቃቸው ነበር፤ እነርሱም ራሳቸው ከመስጊድ እንደተለዩ ያውቃል። ምክር ቤቱ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት እንዲያገኝ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው በሰኔ 2012፣ መስጊዶቹ እንደተዘጉ ነው። አሥርት ዓመታት ሲጠየቅ የኖረ ጉዳይ ሲሳካ በጀማዓ ሹክር ለማድረግ የሚቻልበት ቦታ አልነበረም።

በሁለተኛ ደረጃ መካ ነበረች። የዑምራው መቋረጥና ባዶ የቀረው መጧፍ በቴሌቪዥን በታየ ጊዜ ብዙ ክርክር ጸጥ አለ። ሐጁም በዚያ ዓመት ከሳዑዲ ውስጥ ለተመረጡ ወደ 1,000 ለሚሆኑ ሰዎች ብቻ ሆነ። ይህን ያየ ሰው የአራዳውን በር ለብቻው እንደተመረጠ በደል ማየቱን ተወ።

ሦስተኛውን ያስተማረን አንድ አዛውንት ነው። ከወጣቱ በኋላ በዚያው ጁሙዓ መጡ፤ መስገጃቸውን በክንዳቸው አጥፈው፣ ኮፍያቸውን አድርገው። አልተቆጡም፤ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። አርባ ዓመት ጁሙዓ አላመለጠኝም አሉን። ከዚያ ቀጠሉ፦ «መዝጋታችሁን አልቃወምም፤ ትናንት ቤቴ መጥታችሁ ለምን አልነገራችሁኝም? ከሙአዚኑ ሳይሆን ከቁልፉ ሰማሁት።» ኮሚቴው ያን ሳምንት ሽማግሌዎቹን እየዞረ አነጋገረ፤ ዘግይቶ ቢሆንም። በሚቀጥለው ጁሙዓ እኒያ አዛውንት በርጩማ ይዘው መጥተው በሩ ላይ ተቀመጡ፤ የሚመጣውንም እየመለሱ የሚያስረዱት እርሳቸው ሆኑ። እኛን ሲሞግት የቆየ ሰው እርሳቸውን ሰላም ብሎ ይመለስ ነበር። አዛኑ ሳይቋረጥ በየወቅቱ ይሰማ ነበርና፣ ዙህር ሲጠራ አዛውንቱ ከበርጩማቸው ተነሥተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

በየቤቱ የሆነውም መመዝገብ ያለበት ነው። ኢማም ሆኖ የማያውቅ አባወራ ልጆቹን ከኋላው አሰልፎ ተራዊሕ አሰገደ፤ የሚያውቃቸው አጫጭር ሱራዎች አልበቃ ብለውት ከልጁ የተማረም አለ። በደርሳችን ከሚከታተሉት እናቶች አንዷ፣ ባሌን ሲቀራ የሰማሁት በሃያ ዓመት ትዳር የዚያን ረመዷን ነው ብላናለች። ከዚህ ጎን ለጎን ደግሞ ማንም ያልተቀበለው ነገር ነበር፤ ጀናዛ። የሟችን ገላ በገዛ ዘመድ እጅ አለማጠብ፣ ሰው ሳይሞላ መቅበር፣ ለተዕዚያ አለመቀመጥ። ስለ ጁሙዓ በሦስተኛው ሳምንት ዝም ያለ ሰው ስለ እናቱ ቀብር ዛሬም ሲናገር ድምፁ ይለወጣል። ይህን ሶብር አድርጓል እንጂ ተቀብሏል ብሎ መጻፍ ትክክል አይመስለንም።

መስጊዶቹ ከተከፈቱ በኋላ አትክልት ተራ ወደ ፒያሳ አልተመለሰም፤ ከጃንሜዳ ተነሥቶ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ያ ወጣት ጫኝ ከገበያው ጋር ሄዶ ይሁን ወይም ወደ አገሩ ገብቶ አናውቅም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያና ከአጠገቡ ያሉ መንደሮች ሲፈርሱ የጀማዓችን ከፊሉ ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ተበተነ። በዚህ የተነሣ ተማሪዎቻችን ባለፈው ዓመት የዚያን ጊዜ ሰዎችን በየሄዱበት እየፈለጉ ቃላቸውን እንዲጽፉ አድርገናል፤ መምህራንና ኢማሞችም በየሰፈራቸው ይህንኑ ቢያደርጉ ሰዎቹ ሳይርቁ ይደረስባቸዋል። አዛውንቱን ያገኘናቸው ከልጃቸው ጋር በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሲኖሩ ነው፤ ከደረጃው የተነሣ ጁሙዓ አሁን በሳምንት ሳይሆን በወር አንዴ ነው የሚደርሱት። የመጀመሪያውን ጁሙዓ ሲያስታውሱ በሩ በሰንሰለት ታስሮ ነበር ይላሉ። ከኮሚቴው ሰዎች አንዱ ግን ሰንሰለት አልነበረም፣ ገርበብ ብሎ እኛ ቆመንበት ነበር ይላል። እኛም በቦታው ነበርን፤ የትኛው እንደሆነ ግን ልንምል አንችልም። ሁለቱንም ቃል እንዳሉት ጽፈን አስቀምጠናል።